የሴራሚክና የላሚኔት መገናኛ፦ የወጥ ቤታችንን በር እንዴት እንዳስተካከልኩት

ክረምት ሲገባ የሳሎናችን የላሚኔት ወለል ወጥ ቤቱ በር ላይ ጉብ ብሎ ተነሳ። ሲረግጡት ይንቋቋል፤ እናቴ ትሪ ይዛ ስትወጣ ሁለት ጊዜ አደናቅፏታል።

ስከፍተው ጥፋቱ ታየኝ። ላሚኔቱ ከወጥ ቤቱ ሴራሚክ ጋር በጣም ተጠግቶ፣ የቀረችው ክፍተት በሲሚንቶ ተሞልታለች። ላሚኔት ውስጡ ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ መሄጃ ካጣ ወደ ላይ ይነሳል።

ሲሚንቶውን በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁ፤ የላሚኔቱንም ጠርዝ ቆርጬ ከሴራሚኩ 10 ሚሊ ሜትር አራቅሁት። የቀረው የከፍታ ልዩነት ነበር፦ ላሚኔቱ 8፣ ከስሩ ያለው ስፖንጅ 2፣ ሴራሚኩ ግን ከነማጣበቂያው 15 ሚሊ ሜትር። ጠፍጣፋው መሸፈኛ የሚሆነው ለእኩል ወለል ስለሆነ፣ 5 ሚሊ ሜትሩን በተዳፋት የሚያወርድ የአሉሚኒየም መጋጠሚያ ገዛሁ።

ዋናው ነገር አስተሳሰሩ ነው። ብሎኑ ላሚኔቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም! ክፍተቱ መሃል ላይ ሊሾውን (ከስር ያለውን የሲሚንቶ ወለል) በስቼ፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ከትቼ መጋጠሚያውን አሰርኩት፤ ላሚኔቱ አሁን ከስሩ እንደልቡ ይንሸራተታል። መስመሩንም በሩ ሲዘጋ ከሳንቃው ስር እንዲውል አደረግሁት፤ ሳሎን ሆናችሁ ሴራሚኩ፣ ወጥ ቤት ሆናችሁ ላሚኔቱ አይታያችሁም።