ተፈቺ ቾክ ያለው ሾትጋን፦ በክረምት የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

በጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ፣ ይልቁንም የሐምሌና የነሐሴው፣ ጠመንጃን የሚጎዳው በውጭ በሚታየው አካሉ ብቻ አይደለም። ቾኩ፣ ማለትም ከሾትጋን የሚወጡት የእርሳስ ፍሬዎች የሚበተኑበትን ስፋት የሚወስነው አጭር ቱቦ፣ በአፈሙዙ ጫፍ ውስጥ በጥርስ ተጠምዝዞ ሲገባ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀረው ቀጭን ክፍተት፣ እርጥበት፣ የባሩድ ጥላሸትና የጥይቱ ፕላስቲክ ቅሪት ተሰብስቦ የሚከርምበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች ከተነሡት ችግሮች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ክፍተት ነው።

ቾክ የሚፈታ ሰው እጁን አፈሙዙ ፊት ማድረጉ ስለማይቀር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍልና የጥይት መያዣውን በዓይንም በጣትም ፈትሾ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ጥይቱንም ከሚሠራበት ክፍል ማውጣት ይኖርበታል። አፈሙዙ ከሰደፉ የሚለይ ከሆነ ለይቶ መሥራት የተሻለ ነው።

ቾኩ አልፈታ ሲል

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ግሪስ ሳይቀባ መታሰሩና በዝገትና በጥላሸት መያያዙ ነው። ከሰደፉ የተለየውን አፈሙዝ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ በያዘ ጣሳ ውስጥ፣ ቾኩ እስኪሸፈን ድረስ ነክሮ ማሳደር ያስፈልጋል፤ ጣሳው ከምድጃና ከልጆች መራቁን ማንም አይዘንጋ። በማግስቱ የቾኩ መፍቻ በቾኩ ጠርዝ ላይ በትክክል ከተቀመጠ በኋላ መጀመሪያ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ በጥቂቱ ገፋ ማድረግ፣ ከዚያም ወደሚላላበት መመለስ የያዘውን ዝገት ይሰብረዋል። እምቢ ካለ ነጭ ጋዙን አጥርጎ፣ የአፈሙዙን ጫፍ ከውጭ በኩል በፈላ ውኃ ማሞቅ ይቻላል፤ የውጪው ብረት ቀድሞ ሲሰፋ ቾኩን ላላ ያደርገዋል።

እሳት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የብረቱን ጥንካሬ ከማበላሸቱም በላይ በባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘውን ብየዳ ሊያቀልጥ ይችላል። ፒንሳም እንዲሁ ቀጭኑን ቾክ ጨፍልቆ ክብነቱን ያሳጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ይበልጥ ይከብዳል። ጠመንጃ የማያውቅ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቆረጥም መፍትሔ አይመስለኝም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነውና ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ብቻ መስጠት ይገባል።

ቾኩ ከወጣ በኋላ ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ ማጽዳት፣ ማድረቅና ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ መቀባት ቀጣዩን ክረምት ያቀለዋል። ግሪሱ ቢበዛ አቧራ ይስባል እንጂ ጥቅም አይጨምርም።

ሲተኮስ ቾኩ የሚላላ ከሆነ

ወይ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይ ጥርሱ ውስጥ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ቾኩ የሌላ ፋብሪካ ነው። የቤሬታ ሞቢልቾክና የብራውኒንግ ኢንቬክተር የተባሉት የቾክ ዓይነቶች ሲያዩዋቸው ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው አፈሙዝ አይገባም፤ በግድ ማስገባት ጥርሱን ይቆርጠዋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከኋላ በኩል በብርሃን ሲታይ የቾኩ የውስጥ ጠርዝ ወደ አፈሙዙ መንገድ ገባ ብሎ ከታየ፣ የእርሳስ ፍሬዎቹ ስለሚመቱት መተኮስ የለበትም። ቾኩ ከላላ የባሩዱ ጋዝ ከኋላው ገብቶ አፈሙዙን ሊያሳብጥ ይችላል። እብጠቱ በጣት ሲዳሰስ እንደ ቀለበት የሚታወቅ ከሆነ፣ ያ አፈሙዝ ከእንግዲህ ሥራው አብቅቷል።

የአፈሙዙ የውስጥ ጥርስ ሲጎዳ

ቾኩን አውጥተው ለብቻው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ባዶ የቀረው ጥርስ አቧራና ጤዛ ይቀበላል። ቾክ ሳይኖር መተኮስ ደግሞ ጥርሱን በአንድ ጥይት ሊያበላሸው ይችላል። ጸድቶ፣ ግሪስ ተቀብቶ፣ ወደ ቦታው ተመልሶ በእጅ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በመፍቻ የሚጠብቀው ለተኩስ ሲዘጋጅ ነው።

የዝገት ነጠብጣብና የጠቆረ ሰደፍ

በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በኩላብ የተሰቀለ ወይም በቆዳ ማኅደሩ የከረመ ጠመንጃ የሚዝገው ቆዳው እርጥበት ይዞ ስለሚያቆይ ነው፤ የእጅ ላብ ጨው ያለበትም ቦታ ቶሎ ይለያል። ማኅደሩ ለጉዞ ብቻ ይሁን፤ ጠመንጃው በሚቆለፍ ደረቅ ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገጥምበት በኩል ጠቁሮ ከለሰለሰ ዘይት ከላይ እየወረደ ጠጥቶታል ማለት ነውና፣ ዘይቱን መቀነስና አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማቆም ያስተካክለዋል።

ከክረምት በኋላ ጠመንጃው ሲወጣ፣ ከመተኮሱ በፊት በአፈሙዙ ውስጥ የቀረው ዘይት በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ የቾኩም ጥብቀት በዚያው ይታያል።