ለቀጠሮ ብቻ የሚዋጥ ኪኒን፦ ደም ግፊት በቅርቡ የተገኘባቸው ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት በኋላ ለሰባት ወራት ያህል ሁላችንም መድኃኒቷን በሥርዓት የምትወስድ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን መነጽሯን ፍለጋ ኮመዲኖዋን ስከፍት ግን የአራት ወር ያህል ኪኒን ሳይነካ ተደራርቦ አገኘሁ። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስላት ምንም ሳትደነግጥ፣ «ራሴን ሲፈልጠኝ እውጠዋለሁ፤ ቀጠሮዬ ሲቃረብ ደግሞ አንድ ሳምንት አላቋርጥም። ደኅና ስሆን ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» አለችኝ። በየቀጠሮው ልኬቷ መልካም ሆኖ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነበር። ለሐኪሟ ያልነገረችውም እንዳይቆጣት ፈርታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደም ግፊት የተገኘባቸውን ዘመዶቼንና ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ያው ነገር በተለያየ መልክ ይደጋገማል። የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ደም ግፊትን እንደ ጉንፋን መጥቶ የሚሄድ፣ ሲመጣም የሚታወቅ ሕመም አድርጎ ማየት ነው።

ለዚህ አስተሳሰብ የምንጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ድርሻ አላቸው። «ደም ብዛት» የሚለው ስም በሰውነት ውስጥ ደም የበዛ ያስመስላል፤ በመሆኑም ቀጭን የሆነ ወይም ደም ማነስ ያለበት ሰው እኔን አይነካኝም ይላል፣ ሌላው ደግሞ በዋግምት ደም በማስወጣት ሊቀንሰው ይሞክራል። ችግሩ ያለው ግን በደሙ መጠን አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከሚገባው በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። «ግፊቴ ተነሳብኝ» የሚለው አነጋገርም ራስ ምታት ወይም ማዞር ካልተሰማ በሽታው እንደሌለ ያስቆጥራል። በእርግጥ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል፤ በዚያው ዝምታ ውስጥ ልብ፣ ኩላሊት፣ ዓይንና አንጎል ይጎዳሉ። ስሜትን እንደ መለኪያ መጠቀም እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ልኬቱን በሚመለከት ሰው ወደ ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ያዘነብላል። አንዱ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ዕድሜ ልኩን እንደተፈረደበት ቆጥሮ ይጨነቃል፤ ሌላው «ደረጃ ወጥቼ ስለነበር ነው» ብሎ ጭራሽ አይመለስም። በተለመደው አሠራር ደም ግፊት አለ የሚባለው በተለያዩ ቀናት ሲለካ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አልያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ130 በ80 ጀምሮ እንዳለባቸው የሚነገራቸው የዚያ አገር ሐኪሞች ከ2017 ወዲህ ዝቅ ያለ መነሻ ስለሚጠቀሙ ነው። ቤት ውስጥ የሚለካ ሰው ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይተው፣ ሽንቱን ይሽና፣ ከዚያም ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ለ5 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱንም ይጻፍ። በልብስ ላይ መለካት፣ እየተለኩ ማውራት፣ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ መጠቀም ውጤቱን ያዛባሉ።

ከሁሉ የከፋው፣ የእናቴም የሆነው ስህተት፣ መድኃኒቱን እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ መቁጠር ነው። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና የመሳሰሉት ኪኒኖች ግፊቱን የሚቆጣጠሩት በየቀኑ እስከተወሰዱ ድረስ ብቻ ነው። ልኬቱ 125 በ80 ሲሆን «ተሻለኝ፣ ልተወው» የሚል ሰው 125 ያደረገለት ራሱ መድኃኒቱ መሆኑን ይዘነጋል። ካቋረጠ በኋላ ግፊቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ስላልታመመ ግን አያውቀውም። ለቀጠሮ ብቻ መዋጥ ደግሞ ሐኪሙንም ያሳስታል። ልኬቱን መልካም ሆኖ ሲያገኘው ሕክምናው የሠራ ይመስለዋል፤ ባልተወሰደ መድኃኒት ምክንያት ከፍ ብሎ ሲያገኘው ደግሞ መጠን ይጨምራል፣ ሰውየው ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዋጥ ሲጀምር ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ኪኒን መዝለልን ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ከሆነም መናገር ይገባል፤ ከነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ረከስ ያለ አማራጭ አላቸው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነም ያንን ማስታወስ ይኖርበታል። የእናቴ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ኪኒኑ ከኮመዲኖው ወጥቶ የጠዋት ቡናዋ ከሚቀርብበት ረከቦት አጠገብ ተቀመጠ።

መድኃኒቱ ስላልተስማማ በራስ ፈቃድ መተውም እንዲሁ የተለመደ ነው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው፤ የመጨረሻው ጠዋት በመውሰድ ይቃለላል፣ ለሌሎቹ ሐኪሙ ወይ መጠኑን ያስተካክላል ወይ መድኃኒቱን ይቀይራል። የጎረቤትን ኪኒን መዋስ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን «ያው የግፊት ነው» ብሎ መተካት ግን አደገኛ ነው፤ ዓይነቱም ሚሊግራሙም ሊለያይ ይችላል፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚወሰድበት አጋጣሚም አለ። በተለይ እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ኢናላፕሪልና ሎሳርታንን የመሳሰሉት ጽንሱን ስለሚጎዱ፣ ፈጥና ለሐኪሟ ነግራ ለእርግዝና በሚስማማ መድኃኒት ማስቀየር አለባት።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ የሕመም ማስታገሻውን ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት መደብር በቀላሉ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊት መድኃኒቱን ሥራ ያዳክማሉ፣ ከእነ ኢናላፕሪል ጋር ሲደረቡም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። የአፍንጫ መዘጋት የሚከፍቱ የጉንፋን ኪኒኖችም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፋርማሲ ሲገቡ «የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ መናገር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ወደ ማዕድ ቤት ስንገባ ጨው ቀነስኩ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የቀነሰው ገበታ ላይ የሚነሰነሰውን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም በዳቦና በሌላ ምግብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨምሮ ነው። በብዙ ቤት ግን ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ በርበሬውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ ጣዕም ይስጥ ተብሎ የሚፈረፈረው የሾርባ ኩብ ከፊሉ ጨው ነው፣ ቋንጣው ጨው ታሽቶ የደረቀ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ይጠጣል። አሞሌው ወይም በቅርቡ የመጣው ሮዝ ጨው አይጎዳም የሚለው እምነትም መሠረት የለውም፤ ሁሉም በአመዛኙ ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። እናቴ ሽሮዋንና በርበሬዋን ያለ ጨው ታስፈጫለች፤ ለእሷና ለአባቴ ለቀኑ የሚሆነውን አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጠዋት ለክታ በቡና ስኒ ታስቀምጣለች፤ ስኒው ባዶ ከሆነ ለዚያን ቀን አበቃ። አባቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ወጡ አልጫ ሆነብኝ» እያለ ያማርር ነበር፤ ምላስ ግን ይለምዳል፣ አሁን ድግስ ሲበላ የጨው መብዛት የሚታወቀው እሱው ነው። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠው ፖታሲየም ያለበት ጨው ኩላሊቱን ለታመመ ወይም ኢናላፕሪልና መሰሎቹን ለሚወስድ ሰው አደጋ ስላለው ሐኪም ሳይጠየቅ አይገዛ።

ጾምና ጸበልን በተመለከተ በአክብሮት መናገር ያስፈልጋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ መጾም ይችላል፤ ስህተቱ ለጾሙ ሲባል መድኃኒቱን ዝም ብሎ መተው ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ሰዓቱ ወደ ምሽት ሊዛወር ይችላል፤ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም፣ በተለይ የሚያሸናውን ኪኒን የሚወስድ ሰው፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ጸበል እየጠጡ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል የሚመስላቸው ወገኖች የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራውን በምግብነት መጠቀም ይቻላል፣ በኪኒኑ ምትክ መውሰድ ግን አይገባም።

የቀረው ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በአብዛኛው የሳምንቱ ቀናት ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ክብደት የበዛበት መቀነስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር፣ ሲጋራና ጫት መተው፣ አረቄና ቢራ መቀነስ ሁሉም ይረዳሉ። እነዚህን የጀመረ ሰው ከጊዜ በኋላ መጠን ሊቀነስለት ይችል ይሆናል፣ ውሳኔው ግን በልኬት ተደግፎ ከሐኪም የሚመጣ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ድንጋጤ የሚወልደው ነው። ልኬቱ 180 በ120 ሲሆን ሁለት ሦስት ኪኒን ደርቦ መዋጥ ወይም ኒፈዲፒን ከምላስ ሥር ማድረግ ግፊቱን በድንገት ጥሎ ወደ አንጎልና ወደ ልብ የሚሄደውን ደም ሊያሳጥር ይችላል። ሌላ ምልክት ከሌለ ተቀምጦ ማረፍና ደግሞ መለካት፣ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ማማከር ነው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መጣመም፣ የአንደበት መያዝ ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ግን ለማረፍም ሆነ ደግሞ ለመለካት መቆየት አይገባም፤ በአፍ ምንም ሳይሰጡ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዘው፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።