የምትገዙት ዕቃ ከምን እንደተሠራ እንዴት መለየት ይቻላል?

ገበያ ወጥተን ድስት ወይም ባልዲ ስንመርጥ አብዛኞቻችን የምናየው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። ዕቃው ምን ያህል እንደሚያገለግልና ለምግብ ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ግን የተሠራበት ነገር ነው። ይህን ለመለየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ትንሽ ማግኔትና አንድ ሳህን ውሃ ይበቃል።

1. መጀመሪያ የዕቃውን ሥራ ለዩ

እሳት ላይ ይጣዳል? ፀሐይ ላይ ይውላል? ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይነካዋል? ሰው ይሸከመዋል? ይህን ሳትመልሱ ባለሱቁን "ጥሩው የቱ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ።

ጀሪካንን እንይ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሲሠራ ለነዳጅ የታሰበ የብረት ዕቃ ነበር። ባዶው 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዛሬ ከቦኖ ውሃ የምንቀዳበት ባለ 20 ሊትሩ ፕላስቲክ ግን 1 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃው ብቻውን 20 ኪሎ ስለሆነ ለተሸካሚዋ እያንዳንዱ ኪሎ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም አይዝግም። እሳት ካለበት ቦታ ግን ማራቅ ነው።

2. ብረታ ብረቱን በማግኔትና በእጅ ፈትሹ

ማግኔቱን ድስቱ ላይ አስጠጉ። ካልያዘና ድስቱ ቀለል ካለ አሉሚኒየም ነው ማለት ይቻላል። እኩል መጠን ካለው ብረት ጋር ሲመዘን ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

ስቴንለስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "እውነተኛ ስቴንለስ ማግኔት አይስበውም" ይባላል። ይህ ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ሥሩ ላይ 18/8 ወይም 18/10 የተጻፈበትን ማግኔት እምብዛም አይስበውም። 18/0 የሚለውን ግን ይስበዋል፤ እሱም ስቴንለስ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ክሮሚየም፣ ሁለተኛው ኒኬል በመቶኛ ነው። ከዝገት የሚጠብቀው በዋናነት ክሮሚየሙ ነው። ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫር እንኳ አየር ሲያገኝ ሽፋኑ ተመልሶ ይበጃል። ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው የኢንዳክሽን ምድጃ ካላችሁ ማግኔቱ የድስቱን መቀመጫ ጥብቅ አድርጎ ካልያዘ አትግዙ።

የስቴንለስ ድክመቱ ሙቀት ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእሱ ከ10 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ስስ ስቴንለስ ድስት ላይ ሽንኩርት ስታቁላሉ መሃሉ ያራል፣ ዳሩ ገና ጥሬ ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ዕቃ ሠሪዎች ከሥሩ ወፍራም አሉሚኒየም የሚያስገቡት። ድስቱን ገልብጡና ጠርዙን ተመልከቱ፤ ተደርቦ የተጣበቀ ወፍራም ሳህን ይታያል። ዘወትር ወጥ ለሚሠራበት ቤት፣ ለእኔ ገንዘብ የሚወጣበት ይህ ነው።

አሉሚኒየም ብቻውን ሲሆን ጎምዛዛ ነገር ይበላዋል። ቲማቲም የበዛበትን ስልስ ሥሩበት፣ ግን አታሳድሩበት። ከውድቅዳቂ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ምን እንደገባበት አይታወቅምና እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ ብረት የሚያወጡትን ዕቃ ከልቤ አደንቃለሁ፤ ለምድጃና ለመሣሪያ ወደር የለውም። ምግብ የሚበስልበትን ግን ምንጩ ከታወቀ ነገር ግዙ።

3. ፕላስቲኩን ገልብጡና ቁጥሩን አንብቡ

ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 1 የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ የፈላ ሻይ ቢቀዳበት ይጨማደዳል። 2 ጀሪካን ነው። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ትኩስ ምግብ የሚችለው እሱ ነው። 3 የቧንቧ ፕላስቲክ ስለሆነ ከምግብ ይራቅ።

4. ቁጥር ከሌለው ውሃ ውስጥ ጨምሩት

ከሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ቁራጭና ክዳኑን ሳህን ውሃ ውስጥ ጣሉ። አረፋ ይዞ እንዳያታልላችሁ በጣት ወደ ታች ጫኑት። ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰጥማል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ፕላስቲክ! ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ጋዝ እንዲይዝ፣ ክዳኑ ደግሞ ጥርሱ ሳይሰበር ጠብቆ እንዲዘጋ ታስቦ ነው። ቁጥር 2፣ 4 እና 5 ይንሳፈፋሉ፤ 1 እና 3 ይሰጥማሉ።

5. እጀታውን አትርሱ

የድስት ጥቁር እጀታ ብዙ ጊዜ ባክላይት ነው። ሊዮ ቤክላንድ የተባለ ትውልደ ቤልጂየም ኬሚስት በ1907 እ.ኤ.አ. የሠራው ፕላስቲክ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ይህም አንዴ ከጠነከረ በሙቀት አይቀልጥም። ነበልባል ሲያገኘው ግን ያራል፤ ስለዚህ ከድስቱ ጠርዝ ራቅ ብሎ የተገጠመውን ምረጡ።

6. ውጪ የሚውል ከሆነ ፀሐዩን አስቡ

ፀሐይ ፕላስቲክን ያደርቃል። ጥቁር ሮቶ ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ የገባበት የካርበን ጥላሸት ጨረሩን ይከላከላል፣ ብርሃን ስለማያስገባም ውሃው አልጌ አያበቅልም። አሮጌ ጀሪካን ስትገዙ ላዩን በጥፍር ፋቁት። ነጭ ብናኝ ካወጣ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል።

ያገለገለ ጀሪካን ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ከፍታችሁ አሽትቱት። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ ውስጡ ድረስ ይመጠዋል፤ በኦሞ ቢታጠብም አይለቅም። እንዲህ ያለውን ለውሃም ለዘይትም አትጠቀሙበት። ቤት ካለም ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ቅደዱት።