ከላስቲክ ካሜራ የወጣ አሮጌ ፊልም ሲታጠብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲያና የምትባለው የሆንግ ኮንግ ካሜራ ሌንሷ ሳይቀር ላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርካሽ ተሸጣለች፤ አንዳንዷም ፊልሟ ሳይታጠብ መሳቢያ ውስጥ ቀርታለች። ያ ፊልም ዛሬም ሥዕል ሊሰጥ ይችላል፣ ዕድሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። ከጀርባዋ ባለችው ትንሽ ቀይ መስኮት ቁጥር ከታየ ፊልም አለ፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ከፊልሙ ጀርባ አብሮ የተጠቀለለው ወረቀት እስኪያልቅ ቀስ ብለው ያጠንጥኑት፣ ሲያወጡትም ጨለማ ውስጥ ይሁን። የላስቲክ ካሜራ ፊልሙን አላልቶ ስለሚጠቀልል ብርሃን በጠርዙ ገብቶ ያቃጥለዋል።

ትልቁ ጥፋት ግን ዓይነቱን ሳያጣሩ ፎቶ ቤት መስጠት ነው። ላዩ ላይ «ሲ-22» የሚል ካለ ያ የድሮ የቀለም አስተጣጠብ ነው፤ በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራ ነበር። በ1972 የተተካው፣ የዛሬ ፎቶ ቤቶች የሚሠሩበት ሲ-41 ደግሞ 38 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። አሮጌው ፊልም እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሥዕሉን የያዘው ስስ ሽፋን ተልጦ ሊነሳ ይችላል፤ የሰዎቹንም ኬሚካል ያበላሽባቸዋል። ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ የድሮ የቀለም ፊልም ከሆነማ ቀለሙን ይርሱት። የመጨረሻው አጣቢ፣ ካንሳስ ያለው ድዌንስ ፎቶ፣ በ2010 መጨረሻ መቀበሉን አቁሟል።

እንደ እኔ ሁለቱንም በጥቁርና ነጭ ማጠብ ይሻላል፤ ቀለም ካላየሁ የሚል ሰው ሥዕሉንም ያጣል። የኮዳክሮሙ ጀርባ ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን ግን ለብቻው መነሳት አለበት። ዴቨሎፐር (ሥዕሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ሲመርጡ ጉም፣ ማለትም ፊልም ሲያረጅ የሚያለብሰውን ጥቁረት፣ የማያበዛውን ኤችሲ-110 ያስቡ።

«አርጅቷልና ይቆይ» ብሎ ለሰዓታት ዴቨሎፐሩ ውስጥ መዘፍዘፍም አይጠቅምም። ሥዕሉ ሲጠቁር ጉሙም አብሮ ይጠቁራል። ዴቨሎፐሩ ላይ ቤንዞትሪያዞል የተባለ ኬሚካል ጥቂት መጨመር ጉሙን ያዝ ያደርገዋል። ብዙ ጥቅል ካለዎት ብዙም በማይሳሱለት ይጀምሩ።

ፊልሙን ከወረቀቱ ጋር ያያያዘውን ፕላስተር በኃይል አይገንጥሉ፤ ጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል፣ ብልጭታውም ፊልሙ ላይ ይቀራል። ለዓመታት የተጠቀለለ ፊልም እንደ ሞላ ተመልሶ ይጠቀለላል። ለማጠብ ፊልሙ የሚጠቀለልበት ሪል ትንሽ እርጥበት ካለው ደግሞ መሃል ላይ ይይዝብዎታል። ስለዚህ ሪሉን ያድርቁት፣ በማይፈለግ ፊልምም አስቀድመው ይለማመዱ።

ኔጋቲቩ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ጥቁር ሆኖ ቢወጣ አይጣሉት። ለዓይን የማይታየውን ስካነር ሊያወጣው ይችላል። ሰማዩ ላይ ቁጥር ወይም ነጠብጣብ ካዩም ቆሻሻ መስሎዎት አይሹት፤ ከጀርባ ወረቀቱ የታተመ ስለሆነ አይለቅም።