ከተጣለ ማሽን የወጣን ሞተር ለይቶ እንደገና ለመጠቀም

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትዞሩ ወይም የሰፈራችሁን ቆራሌው ብትጠይቁ፣ በብረት ዋጋ የሚሸጥ ደህና ሞተር አታጡም። ከልብስ ማጠቢያ፣ ከፕሪንተር፣ ከውሃ ፓምፕ፣ ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ የወጣ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚጣለው መቆጣጠሪያ ቦርዱ ወይም የከበሮው ኩሽኔታ ሲሄድ ነው። ሞተሩ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ደህና ሞተር ቤት ከገባ በኋላ መቃጠሉ ነው። ዓይነቱ ሳይታወቅ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት፣ ኤሌክትሪኩ በኋላ።

ስትገዙ

ሻፍቱን በእጅ አዙሩት። ከተንገጫገጨ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል፤ ኩሽኔታ ይቀየራልና ዋጋ አስቀንሱበት። ቀጥሎ አሽትቱት። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ተዉት። ሽቦው ከነሶኬቱ መኖሩንም እዩ። ከሥሩ የተቆረጠ ሞተር ለጀማሪ ራስ ምታት ነው።

ማይክሮዌቭ ግን አትፍቱ። ውስጡ ያለው ኮንደንሰር (ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ቻርጅ ሊይዝ ይችላል። ለአንዲት ትንሽ የሳህን ማዞሪያ ሞተር ይህን አደጋ መጋፈጥ አያዋጣም።

ዓይነቱን መለየት

መልቲሜትር ያስፈልጋችኋል። ርካሹም ይበቃል፤ ኦም (የሽቦውን ተቃውሞ) በትክክል ያንብብ እንጂ።

ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው፣ ሽቦዎቹን እርስ በርስ አገናኝታችሁ ሻፍቱን አዙሩት። ከበፊቱ ከከበደ፣ ውስጡ ማግኔት ያለው የዲሲ (የባትሪ ኤሌክትሪክ) ሞተር ነው። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ቀጫጭን ሽቦ ካለውና ሻፍቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ከዞረ ስቴፐር ነው፤ ፕሪንተርና ስካነር ውስጥ የሚገኘው ይሄ ነው። ካርቦን (የሚዞረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ጥቁር ቁራጭ) ከሌለው፣ ሻፍቱ ልል ሆኖ ከዞረና አጠገቡ ኮንደንሰር ከነበረ ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ካርቦን ካለውና ብዙ እግር ባለው ሶኬት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርሳል ነው። ካርቦን የሌለው፣ ሦስት ሽቦ ያለውና በየትኛውም ጥንድ ላይ እኩል ኦም የሚያሳይ የልብስ ማጠቢያ ሞተር የኢንቨርተር ነው። እሱ ያለ ራሱ መቆጣጠሪያ አይንቀሳቀስም፤ ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

የልብስ ማጠቢያው ዩኒቨርሳል ሞተር

ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ጉልበቱ ብዙ ነው። ለመሞረጃ፣ ለአሸዋ ወረቀት ማሽን፣ ለትንሽ የእንጨት ቶርኖ ይሆናል።

መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የሞተሩ ሶኬት የመጀመሪያ እግር ላይ ያዙ፤ በሌላው የቀሩትን አንድ በአንድ ንኩ። ቁጥር የሰጧችሁን ጥንዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። ሜትሩ ግራ በኩል 1 ብቻ ካሳየ ወደ 2000 ከፍ አድርጉትና ድገሙት፤ አንደኛው ጥንድ ከ200 ሊበልጥ ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥንዶች ታገኛላችሁ። በብዙ አሥር ወይም በመቶ የሚቆጠር ኦም ያለውና ሽቦው ቀጭን የሆነው ታኮ ነው፣ የፍጥነት መለኪያው። እሱ ላይ በፍጹም ኤሌክትሪክ አትልቀቁ። የቀሩት ሁለቱ ጥቂት ኦም ብቻ ስለሚያሳዩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ሜትሩን አንዱ ጥንድ ላይ እንደያዛችሁ ሻፍቱን በዝግታ አዙሩ። ቁጥሩ ከዘለለ የካርቦኖቹ ነው። ፀጥ ካለ የፊልዱ ነው፣ ማለትም የማይዞረው ጥምጥም። በዓይንም ሽቦውን እስከ ካርቦን ቤቱ ድረስ ተከትላችሁ አረጋግጡ። ፊልዱ ሦስት ሽቦ ካለው ትልቁን ኦም የሚሰጡትን ሁለቱን ዳር ውሰዱ። ዜሮ አካባቢ የሚያሳይ ተጨማሪ ጥንድ ካለ የሙቀት መከላከያ ነውና ለጊዜው ተዉት። በመጨረሻ ሜትሩን ከፍተኛው የኦም መደብ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ለኩ። ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ ሞተሩ ያስይዛልና አትጠቀሙበት።

አሁን የፊልዱን አንድ ጫፍ ከአንዱ ካርቦን ጋር አገናኙ። የተረፈው የፊልድ ጫፍና የተረፈው ካርቦን ወደ ኤሌክትሪኩ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን ሙከራ ግን በ220 ቮልት አታድርጉ። ይህ ሞተር በዲሲም ስለሚዞር የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ስጡት። በዝግታ ይዞራል። ዙሩን መገልበጥ ከፈለጋችሁ የሁለቱን ካርቦኖች ሽቦ ብቻ አቀያይሩ፤ ፊልዱ እንዳለ ይቆይ። የባትሪውን ፕላስና ማይነስ መገልበጥ ምንም አይለውጥም።

220ን የምፈራው በምክንያት ነው። ሞተሩ ሥራ ሳይኖረው ሲዞር የሚስበው ከረንት ይቀንሳል። ከረንቱ ሲቀንስ የፊልዱ ማግኔት ይደክማል። ማግኔቱ ሲደክም ሞተሩ ይበልጥ ይፈጥናል። ማሽኑ ውስጥ ይህን የሚገታው ቦርዱ ነበር። ያለ ቦርዱ ዙሩ በደቂቃ ከ10,000 በላይ ይወጣና ያልታሰረ ሞተር ከጠረጴዛ ላይ ዘሎ ይወርዳል፤ የሚሽከረከረው ክፍልም ሊበታተን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በብሎን እሰሩት፣ ከዚያ በመቆጣጠሪያ ስጡት።

ተራ ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ያሠራዋል፤ እኔ ግን አልመክረውም። እንጨቱ ሲነካው ዙሩ ይወርዳል፣ ስትለቁት ይጮሃል። ትንሽ ጨምራችሁ የታኮውን ምልክት የሚያነብ ቦርድ ግዙ፤ ቲዲኤ 1085 የሚባለው ቺፕ ያለበት ዓይነት ለዚሁ የተሠራ ነው። ጭነት ሲመጣ ጉልበት እየጨመረ ዙሩን ይጠብቃል።

ኮንደንሰር ያለው ሞተር

ሦስት ሽቦ ካለው ሦስቱንም ጥንዶች ለኩ። ለምሳሌ 20፣ 30 እና 50 ኦም ብታገኙ፣ 50 የሰጡት ሁለቱ ዳርና ዳር ናቸው፤ የቀረው የጋራው ነው። ኮንደንሰሩ በሁለቱ ዳሮች መካከል ይገባል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ በጋራው ሽቦና ትንሹን ኦም (20ውን) በሚሰጠው ዳር ላይ ይገባል። ኮንደንሰር ስትቀይሩ በላዩ የተጻፈው ማይክሮፋራድ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቮልቱም ከድሮው አይነስ። ከመንካታችሁ በፊት በሬዚስተር ቻርጁን አራግፉት።

ይህን ሞተር በዲመር ለማዘግየት መሞከር ማቃጠል ነው። በእኛ 50 ኸርዝ ባለ አራት ፖሉ (ፖል የጥምጥሙ ማግኔት ዋልታ ነው) በደቂቃ 1,400 ገደማ፣ ባለ ሁለት ፖሉ 2,800 ገደማ ይዞራል። ፍጥነቱን በፑሊና በቺንጋ ቀንሱ፦ ሞተሩ ላይ 5 ሳንቲሜትር፣ ማሽኑ ላይ 20 ሳንቲሜትር ፑሊ ብታስሩ 1,400ው ወደ 350 ይወርዳል።

የዝናብ መጥረጊያውና ስቴፐሩ

ለጀማሪ ከሁሉ የምወደው የዝናብ መጥረጊያውን ነው። ሶማሌ ተራ አይጠፋም። በ12 ቮልት ይሠራል፣ ጥርስ ስላለው ጉልበቱ ከባድ ነው፣ ዙሩም በደቂቃ 40 እስከ 70 ገደማ ነው። ቡና የሚቆላ ትንሽ ከበሮ ለማዞር ልክ ነው። በብዙዎቹ ማይነሱ የሞተሩ አካል ራሱ ነው። ፕላሱን በፊውዝ በኩል በየሽቦው ሞክሩ፤ አንዱ በዝግታ፣ ሌላው በፍጥነት ያዞረዋል። የተረፉት መጥረጊያውን ቦታው ላይ የሚያቆሙ ናቸው፣ አያስፈልጉም።

ስቴፐር በቀጥታ ባትሪ አይዞርም፤ እንደ ኤ 4988 ያለ ድራይቨር (ጥምጥሞቹን በተራ የሚያበራ መቆጣጠሪያ) ይፈልጋል። ባለ አራት ሽቦውን ለመለየት ሁለት ሁለቱን አገናኝታችሁ ሻፍቱን አዙሩ። የከበደባችሁ ጥንድ አንድ ጥምጥም ነው። ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ ከድራይቨሩ አትንቀሉ፤ ድራይቨሩ ሊሞት ይችላል።

ማሽኑ ላይ ሲገጠም

በ220 የሚሠራ ከሆነ የሞተሩ አካል ግራውንድ ይደረግ፤ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቺንጋውን ሸፍኑት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በሥራ ላይ አቆዩት፣ ከሶኬት ንቀሉትና አካሉን ዳስሱ። እጃችሁን ለጥቂት ሰከንድ ማቆየት ካቃታችሁ በዝቶበታል። ወይ ሥራውን ቀንሱለት፣ ወይ የድሮ ኮምፒውተር ፋን ግጠሙለት። በዝግታ የሚዞር የልብስ ማጠቢያ ሞተር ደግሞ ፋኑን ከመጀመሪያው ቀን ይፈልጋል።