ሹመት ያዳብር፣ ግን ስንት ጨመሩህ?

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ የሚወርድ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። አሜሪካ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ማኔጀሩ ወደ ትንሿ ቢሮው ጠራኝና የቁልፍ ዘለላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ አዲስ ባጅ አለ። ከስሜ ሥር "ሱፐርቫይዘር" ይላል። ስሜ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ልብ ይላል? "ሥራህን ወደነዋል፤ ከሰኞ ጀምሮ የማታውን ሺፍት አንተ ትመራለህ" አለኝ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ብድግ ብዬ፣ እጁን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ታች ሦስተኛው ፎቅ ላይ እዚያ ቤት ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ባጁን አዩና ፈገግ አሉ።

"ሹመት ያዳብር! ስንት ጨመሩህ?"

ዝም አልኩ። መጠየቁ ራሱ ትዝ አላለኝም ነበር።

"በል እንግዲህ ቁልፉን አንጠልጥል" ብለው እየሳቁ ወደ መኪናው ዞሩ።

አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነው። የደረጃ እድገት ሲያገኝ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ደረጃውም ደሞዙም እዚያው ላይ ተጽፏል። እድገትና ብር አብረው ነው የሚመጡት። አሜሪካ ውስጥ ግን አብረው እንዲመጡ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ከሞንታና በስተቀር በሌሎቹ ስቴቶች፣ የተለየ ውል ከሌለ በስተቀር፣ አሠሪው በፈለገው ቀን ሊያሰናብታችሁ፣ እናንተም በፈለጋችሁት ቀን ልትለቁ ትችላላችሁ። የሥራ ስማችሁን ቀይሮ ክፍያውን ባለበት መተውም ይችላል። ስም ወጪ የለውም። ባጅ ማሳተም ስንት ነው?

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረታችን ሌብነትን ያበረታታል ተብሎ ስንት ተወቅሷል። እዚህ አገር ግን ሳይበሉ መሾም የሚባል ነገር አለ፤ ተረት ያልተተረተለት።

ሰኞ ማታ ጋሼን ምን ባደርግ ይሻላል ብዬ ጠየቅኳቸው። "ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል" አሉኝ። ባጁን አትመልስ፣ ግን ዝም አትበል ማለታቸው ነው። እሳቸው እንዳሉት አደረግኩ። ከተሳካው ይልቅ ልሳሳት የነበረው ስለሚጠቅማችሁ ሁለቱንም ልንገራችሁ።

ማኔጀሩ ጋ ስመለስ እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር የምናገረውን ባቡር ላይ ሆኜ አጥንቼ ነው የሄድኩት። "አይ አም ኤክሳይትድ አባውት ዘ ሮል። ካን ዊ ቶክ አባውት ዘ ፔይ?" በኃላፊነቱ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ክፍያው ብንነጋገርስ? ማለት ነው። በቃ፣ ይቺው ናት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው። እኛ ይሉኝታ አለብን፤ ጸጥታው ሲረዝም "ችግር የለም፣ ከሌለ ይቅር" ብለን ራሳችን እንሞላዋለን። እንዳትሞሉት። ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ የፈለጋችሁትን እዩ። ቀድሞ ይናገር እሱ።

መልሱ የታወቀ ነው። የዚህ ዓመት በጀት ተዘግቷል፣ ጭማሪ የሚታየው በዓመት አንዴ ነው፣ መጀመሪያ ሥራውን ስትሠራ እንይህ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ትልልቅ ድርጅቶች ጭማሪ የሚያዩበት የተወሰነ ወር አላቸው። አንዳንዴ ደግሞ መሸኛ ነው። እውነቱን ከመሸኛው የምትለዩት ቀን በመጠየቅ ነው። "እሺ፣ ከ90 ቀን በኋላ እንነጋገርበት፣ ቀኑን እንጻፈው" በሉ። እሱ እሺ ካለ ማታውኑ አጭር ኢሜይል ላኩለት፦ ዛሬ እንደተነጋገርነው ኃላፊነቱን ከዚህ ቀን ጀምሮ ይዣለሁ፣ ክፍያውን በዚህ ቀን እናያለን፣ አመሰግናለሁ። ሦስት መስመር ይበቃል። ማኔጀር ይቀየራል፣ ኢሜይል ግን ይቀመጣል።

የፖስታው ጀርባ

የእኔ ማኔጀር ቀኑን አክብሯል፣ አልዋሽም። በዘጠናኛው ቀን ጠራኝ። ይዞ የመጣው ግን ጭማሪ አልነበረም፤ ሌላ ሹመት ነው። "ምክትል ማኔጀር እናደርግሃለን፤ ከእንግዲህ በሰዓት አይደለም፣ ሳላሪ ነህ። በዓመት 46 ሺህ።"

አርባ ስድስት ሺህ! በሰዓት 19 ዶላር ነበር የሚከፈለኝ። በጭንቅላቴ 19ን በ40 ሰዓት፣ በ52 ሳምንት አባዛሁት፤ 39,520 መጣ። ስድስት ሺህ ተኩል ገደማ ጨመሩልኝ ብዬ ልቤ ዘለለ። ነገ ልፈርም ተስማምቼ ወጣሁ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የመብራት ቢሉን ፖስታ ገለበጠችና እስክሪብቶ አነሳች። "የምትሠራው አርባ ሰዓት ነው እንዴ?" አለችኝ። አይደለም። ሃምሳ ነው። እንደምታውቁት እዚህ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በኦቨርታይም፣ ከአርባ ሰዓት በላይ በሚሠራው ነው።

አርባው ሰዓት በ19 ሲባዛ 760 ዶላር። አሥሩ የኦቨርታይም ሰዓት በአንድ ተኩል፣ በ28.50 ሲባዛ 285 ዶላር። በሳምንት 1,045። አሁን 46 ሺህን ለ52 አካፈለችው፤ 884 ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ገደማ። በሳምንት 160 ዶላር ጎደለ። በዓመት ከ8 ሺህ ዶላር በላይ። ምክትል ማኔጀር ሲኮን ደግሞ ሃምሳው ሰዓት ሃምሳ አምስት እንደሚሆን ጋራዡ ውስጥ የማያውቅ የለም። በሃምሳ አምስት ሲካፈል በሰዓት 16 ዶላር ከምናምን ሳንቲም። የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እንኳን ጁላይ 2025 ላይ 17.95 ሆኗል። እድገት ብለው ከወለሉ በታች ሊያወርዱኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ልፈርም ነበር።

ስለዚህ ያለ ጭማሪ ከሚሰጥ ሹመት የባሰ አለ፤ ጭማሪ መስሎ የሚቀንስ። "ሳላሪ" የሚለውን ቃል ስትሰሙ ፖስታ ገልብጡ።

ከሕጉ እዚህ ላይ የሚነሳው በ1938 የወጣው የሥራ ሰዓትና ክፍያ ሕግ ነው፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ በአንድ ተኩል ይከፈል ይላል። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ሳላሪ መሆን ብቻውን ኦቨርታይምን አያስቀርም። የሚያስቀረው በሥራ ቋንቋ "ኤግዘምፕት" የሚባለው ምድብ ውስጥ ስትገቡ ነው። በማኔጀርነት ለመግባት ክፍያው ቋሚ ሆኖ በሳምንት ከ684 ዶላር፣ በዓመት ከ35,568 ማነስ የለበትም። በ2024 ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ ስለሻሩት ወደ ድሮው ተመልሷል። እንደ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ያሉ ስቴቶች የራሳቸው ከፍ ያለ ቁጥር አላቸው። ገንዘቡ ብቻም አይበቃም። ዋና ሥራችሁ መምራት መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሁለት የሙሉ ሰዓት ሠራተኞችን መምራት አለባችሁ፤ በቅጥርና በስንብት ላይ ቃላችሁ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ባጁ ላይ "ማኔጀር" ተብሎ ቀኑን ሙሉ መኪና የሚያቆም ሰው በሕጉ ዓይን ማኔጀር አይደለም፤ ኦቨርታይሙ ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ የፌዴራሉ ሥራ ሚኒስቴር የክፍያና የሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ነጻ ነው፣ በአስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል። ወደ ኋላ የሚጠየቀው የሁለት ዓመት ነው፤ አሠሪው አውቆ ካጠፋ ሦስት። ስለዚህ ሰዓታችሁን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። እኔ ሱፐርቫይዘር እንደሆንኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የቲኬት ማሽኑ ወረቀት ነከሰ እያሉ ይደውሉልኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት በስልክ እየመራሁ አስፈታለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ለካ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ያ ግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ

ቲፕ በጋራ በሚከፈልበት ቤት፣ ሬስቶራንትም ሆነ ቫሌት (የደንበኛ መኪና ተቀብሎ ማቆም)፣ በሥራው ማኔጀር ወይም ሱፐርቫይዘር የሆነ ሰው ከጋራው ቲፕ እንዳይወስድ በ2018 በሕግ ተከልክሏል። ራሱ ብቻውን ላስተናገደው ደንበኛ በቀጥታ የተሰጠውን መያዝ ይችላል። አስተናጋጅ ሆናችሁ የአርብና የቅዳሜ ማታ ቲፕ ኪራይ የሚከፍልላችሁ ከሆነ፣ ሹመቱ እሱን ይዞባችሁ እንዳይሄድ።

ዩኒየን፣ የሠራተኞች ማኅበር፣ ያለበት ቤት ስትሠሩ ደግሞ፣ እንደ ዲሲ ሆቴል ሠራተኞች ሎካል 25 ማለቴ ነው፣ ሱፐርቫይዘር መሆን ብዙ ጊዜ ከዩኒየኑ ውል መውጣት ነው። ውሉ ውስጥ ያለው ጭማሪ፣ የቆይታ መብት፣ ኢንሹራንስ አብሮ ሊቀር ይችላል። የ1935ቱ የሠራተኞች ሕግ ተራ ሠራተኞች ስለ ደሞዛቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ መብት ይሰጣል፤ ሱፐርቫይዘርን ግን አያካትትም። ስለዚህ "አንተ ስንት ይከፈልሃል?" የሚለውን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ሐበሾች የሰው ቤት ኪራይ መጠየቅ አያሳፍረንም፤ ደሞዝ ላይ ስንደርስ ነው ድምፃችን የሚቀንስ።

ዲሲ ከጁን 2024 መጨረሻ፣ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አሠሪዎች የሥራ ማስታወቂያ ላይ የክፍያውን ከፍታና ዝቅታ እንዲጽፉ ያዛሉ። የድርጅታችሁን ማስታወቂያ ፈልጉ። የተሰጣችሁን ማዕረግ ከውጭ ለሚቀጥሩት ሰው ስንት ሊከፍሉ እንዳሰቡ እዚያው ታዩታላችሁ። ይህን ወረቀት ይዞ መግባት የአንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያህል ይናገራል።

ብር አይቻልም ካሉ ሌላ ጠይቁ። የተሻለ ሺፍት፣ ቋሚ እሑድ እረፍት፣ ወይም የትምህርት ክፍያ። የትምህርት ድጋፍ ፕሮግራም ያለው አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከታክስ ነጻ ሊከፍልላችሁ ይችላል። ነርሲንግ ወይም አይቲ ለመማር ለሚያስብ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሠሪ በሚያመለክትለት የሥራ ቪዛ፣ በኤች ዋን ቢ ላይ ካላችሁ ግን የሥራው ዓይነት ሲቀየር ወረቀቱም መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት ጠበቃ። በዲቪ ለመጣ ሰው ይሄ አያሳስበውም።

ታዲያ ያለ ጭማሪ እሺ ይባላል?

አንዳንዴ አዎ። አዲስ ሲመጡ አገር ቤት የሠሩትን ማንም አይቆጥረውም። ዲግሪውም፣ የአሥር ዓመት ልምዱም ሻንጣ ውስጥ ነው። "ሱፐርቫይዘር" የሚለው ቃል ሬዙሜ ላይ ሲገባ እዚህ አገር የሆነ ሰው አምኖ ቁልፍ ሰጥቶታል ማለት ነው። ቀጣዩ አሠሪ ሲደውል የድሮው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚያረጋግጠው የሥራ ስምና ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የሥራ ስሙ ባጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ኤች አር፣ ማለትም የሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ሲስተም ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። በአፍ የተሰጠ ሹመት ስትለቁ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ ሥራ ወይም ትምህርት ላላችሁ ግን አይመስለኝም። የሌሊቱ ስልክ ጠዋት ላይ የኬሚስትሪ ፈተና ያስወድቃል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ኮሌጁን ላለማቋረጥ ብሎ ሹመቱን "አሁን አልችልም፣ በበጋ ጠይቁኝ" ብሎ መለሰው። ማንም አልተቀየመውም።

እኔ በማግስቱ የመብራት ቢሉን ፖስታ ይዤ ገባሁ። ሂሳቡን አሳየሁት። "ሳላሪ ከሆነ ከ56 ሺህ በታች አልችልም፤ ካልሆነ በሰዓት ተወኝና ጭማሪውን አድርግልኝ" አልኩት። ማኔጀሩ ፖስታውን አገላብጦ አየው። ባለቤቴ የጻፈችውን በጣቱ ተከትሎ ደመረ። ከዚያ ሳቀ፤ ስንት ሰው ሳያሰላ እንደፈረመለት ያኔ ገባኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቼኬ ላይ በሰዓት 20.25 ገባ። ኦቨርታይሙም ባለበት ቀረ። ምክትል ማኔጀርነቱን ሌላ ሰው ወሰደው።

ሰባት ወር ሠርቼ ያንን "ሱፐርቫይዘር" ይዤ ወደ አንድ ሆቴል ሄድኩ። ባጁ ላይ ያለው ስሜ ግን፣ ሁለት ጊዜ ብናገርም፣ እስክወጣ ድረስ እንደተሳሳተ ቀረ።