ፎቶ ያስቀመጡበት ድረ ገጽ ሊዘጋ ነው? የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፒካሳ ዌብ አልበምስ በ2016 እ.ኤ.አ. ቆመ። ጉግል ፕላስ ኤፕሪል 2 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ መጋቢት 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ተዘጋ። ፍሊከር ባይዘጋም በዚያው ዓመት ነጻ አካውንትን በ1,000 ፎቶ ገደበ። ቀጣዩ የትኛውም ይሁን፣ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ፎቶውን ለማውጣት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ችግር ብዙም አይለያይም።

መጀመሪያ የመዝጊያውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይረው ካላንደር ላይ ያክብቡት፤ ሥራውን ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድመው ለመጨረስ ያስቡ። በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ሰው ስለሚረባረብ፣ በሰዓታት ይዘጋጅ የነበረው ፋይል ቀናት ሊፈጅ ይችላል። አካውንቱን ግን «ለማንኛውም» ብለው ራስዎ ቀድመው እንዳይዘጉት።

ፎቶው ሲታተም ይደበዝዛል

ስልክ ላይ ያማረው የሠርግ ፎቶ ፎቶ ቤት ሲወሰድ ፊቱ ሁሉ የቀለጠ ሰም ይመስላል። የወረደው ዋናው ፎቶ ሳይሆን ድረ ገጹ ለስክሪን ብሎ ያሳነሰው ቅጂ ስለሆነ ነው። ፎቶውን ተጭኖ «ምስሉን አስቀምጥ» ማለትም ሆነ ስክሪንሾት ማንሳት የሚሰጠው ይህንኑ ትንሽ ቅጂ ነው። ለመለየት የፋይሉን ዝርዝር ይክፈቱ። በ12 ሜጋፒክስል ስልክ የተነሳ ዋና ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። 150 ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ዋናውን አላገኙትም። ለ10 በ15 ሴንቲሜትር ህትመት 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል፤ ለኤ4 ግን 2480 በ3508 ያስፈልጋል።

መፍትሄው አንድ በአንድ ማስቀመጡን ትቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ዳታ በአንድ ላይ መጠየቅ ነው። ጉግል ላይ ይህ አገልግሎት ቴክአውት ይባላል፤ ሌሎቹም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ሲዘጋጅ ዚፕ ፋይሎች (ብዙ ፎቶ በአንድ ላይ የታሸገባቸው) በሊንክ ይሰጥዎታል። ከዚያ በኋላ ለዘመድ በቴሌግራም ሲልኩም «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

ዳውንሎዱ መሃል ላይ ይቋረጣል

እዚህ ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ራውተሩ እንደገና ይነሳል፣ ግንኙነቱ ይቆረጣል፣ 80 በመቶ የደረሰው ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይብሳል። ጥፋቱ ግን የመብራቱ ብቻ አይደለም፤ ፋይሉም ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ሂሳቡን እንየው፦ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር 2 ጊጋባይት ለማውረድ 67 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 50 ጊጋባይት ግን 28 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ 28 ሰዓት ሳይቆራረጥ የሚቆይ መስመርና መብራት ደግሞ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ ሲጠይቁ የፋይሉን መጠን ራስዎ ይምረጡ። ቴክአውት 1፣ 2፣ 4፣ 10 እና 50 ጊጋባይት ያቀርባል፤ 2 ይበሉት። 40 ጊጋባይት ፎቶ 20 ቁራጭ ይሆናል ማለት ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ያንኑ አንዱን ብቻ ይደግማሉ። የቴክአውት ሊንክ ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሚያበቃ፣ ለማውረድ ጊዜ በሚኖርዎት ሰሞን ይጠይቁ።

ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ይጠቀሙ፤ በራሱ እንዳይተኛም ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ «ስሊፕ» የሚለውን ያጥፉ። ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ መሰካት ብቻውን ብዙ መቆራረጥ ያስቀራል። በስልክ ሆትስፖት የሚያወርዱ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ይግዙ፤ ከዚያ በፊት ግን ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን «ሜትርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ያድርጉት። አለበለዚያ ለፎቶ የተገዛውን ጥቅል የዊንዶውስ አፕዴት ይበላዋል። ከተቋረጠም ቶሎ አይሰርዙት፤ በብራውዘሩ የዳውንሎድ ዝርዝር ውስጥ «ሪዚዩም» (ቀጥል) የሚለውን ይሞክሩ።

ኢንተርኔት ቤት ከሄዱ ፓስወርድ እንዳይቀመጥ ያድርጉ፣ ሲጨርሱ ከአካውንትዎ ይውጡ፣ ፍላሹንም ቤት ሲመለሱ ከመክፈትዎ በፊት በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት።

ፍላሹ አይቀበልም፤ ዚፑም አይከፈትም

ባዶ የሆነ 32 ጊጋባይት ፍላሽ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ፣ ፎርማቱ ፋት 32 ነው። ይህ ፎርማት 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ያውጡት። በ2 ጊጋባይት የከፋፈለ ሰው ይህ ችግር አይነካውም።

ዚፑ ተበላሽቷል ከተባለ፣ መጠኑን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። ካነሰ አልጨረሰም፤ እንደገና ያውርዱት። እኩል ከሆነ ሰቨን ዚፕ በተባለው ነጻ የዚፕ መፍቻ ፕሮግራም ይፈትሹት። አልበሞቹን በአማርኛ ሰይመው ከነበረና ሲፈታ ስሙ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተቀየረ፣ አሮጌው መፍቻ ፊደላችንን አላወቀውም፤ አዲስ ሰቨን ዚፕ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። «የፋይሉ መንገድ ረዘመ» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ዊንዶውስ በተለምዶ 260 ፊደል ድረስ ብቻ ስለሚቀበል ነው። ዴስክቶፕ ላይ መፍታቱን ትተው ዲስኩ ላይ በቀጥታ አጭር ስም ባለው ፎልደር ይፍቱት።

በርካሽ የሚሸጥ «1 ቴራባይት» ፍላሽ ውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲገለበጥ ደህና ይመስላል፤ ከሞላ በኋላ የገቡት ፎቶዎች ግን አይከፈቱም። ፎቶ ሳይገባበት አቅሙን በሚፈትን ነጻ ፕሮግራም ይሞክሩት።

ሁሉም ፎቶ የዛሬ ቀን ይዟል

አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ አልጠፋም። የሚያዩት ፋይሉ የተፈታበትን ቀን ነው። ዊንዶውስ ላይ በ«ተነሳበት ቀን» ይደርድሩት፤ ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈው ቀን ይወጣል። ስካን የተደረገ ወይም በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ግን ይህ የለውም። የእነዚህ ቀን ከፎቶው ጎን በሚመጣው የጄሰን ፋይል (የፎቶውን መረጃ በጽሑፍ የያዘ፣ ስሙ በ.json የሚያልቅ) ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «የማይከፈት ቆሻሻ» ብሎ የሚያጠፋቸውን እነዚያን ትንንሽ ፋይሎች አያጥፉ። ኤክዚፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ቀኑን ከጄሰኑ አንብቦ ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። መጀመሪያ በአሥር ፎቶ ቅጂ ላይ ይሞክሩት።

እኛን ለብቻ የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ጄሰኑ ሰዓቱን የሚይዘው በግሪንዊች ነው፤ የእኛ ደግሞ 3 ሰዓት ይቀድማል። ሳይታረም ከተጻፈ፣ ጥር 11 ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሳ የጥምቀት ፎቶ ወደ ከተራ ቀን ይሸሻል። ሁለተኛው የካሜራው ሰዓት በሀገራችን አቆጣጠር ተሞልቶ ከነበረ ነው፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት ፎቶ የሌሊት ሆኖ ይመጣል። ኤክዚፍቱል የተመረጡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ 6 ሰዓት ወደፊት መግፋት ይችላል።

ጥምቀት ራሱ ጥሩ መፈተሻ ነው፦ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን፣ እንደ 2008 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ምንም ቀን ላልተገኘለት ፎቶ ደግሞ ከጀርባው ያለውን ያስተውሉ። መኪና የሚመላለስበት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከታየ፣ የተመረቀው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለሆነ ፎቶው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁጥሩ አይገጥምም

የወረዱት ፎቶዎች ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ከነበረው ከበዛ፣ አንዱ ፎቶ በዓመቱ ፎልደርም በአልበሙም ገብቶ ይሆናል፤ ቴክአውት እንዲህ ያደርጋል። ካነሰ፣ የጎደሉት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያጋራዎት አልበም ፎቶዎች ናቸው። ባለቤቱ እርስዎ ስላልሆኑ ከእርስዎ ዳታ ጋር አይወጡም፤ ለባለቤቱ ይደውሉ።

አካውንቱ አያስገባም

የማረጋገጫ ኮዱ ወደ ድሮ ሲምዎ እየሄደ ከሆነ፣ ቁጥሩ አሁንም በስምዎ ካለ መታወቂያ ይዘው ሲሙን ያስተኩ። ከገቡ በኋላ ቁጥሩንና ኢሜይሉን ወዲያው ያድሱ። «ፎቶዎ ከመጥፋቱ በፊት እዚህ ይግቡ» የሚል ሊንክ በመልእክት ከመጣ አይጫኑት፤ የድረ ገጹን አድራሻ ራስዎ ጽፈው ይግቡ።

ሁሉም ከወረደ በኋላ

በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይገልብጡት፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው ወረታ ወይም ደብረ ታቦር ያለ ዘመድ ጋ ይሂድ። በሐይቁ ዳር የክረምት እርጥበት ውስጥ የሚቀመጠውን፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ከጥቂት ሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ያኑሩት። ከእያንዳንዱ ዓመት አምስት አምስት ፎቶና አንድ አንድ ቪዲዮ ከሁለቱም ዲስኮች ከፍተው ይዩ። ዚፖቹን ከላፕቶፑ የሚያጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።